«ብርድ ብርድ ይለኛል» የማለት ጉብዝና

በጥቅምትና በኅዳር በጎጃም፣ በጃቢ ጠህናን ገጠር ሥራ የሚፈታ እጅ የለም። በርበሬው ይለቀማል፣ በቆሎው ይሰበሰባል፣ ጤፉም ማጭድ ይጠብቃል። ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ወንፈል የወጣው ሁሉ ላቡን በመዳፉ እየጠረገ ሳለ አንዱ ብቻ ጋቢውን አጥብቆ ይከናነባል። ጎረቤቱ ዞር ብሎ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይለዋል። «ኧረ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ማጭዱን ያነሳል።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ላነጋግራችሁ የምፈልገው ስለዚህ ሰው ነው። ሰውነቱ እየነገረው ነው፤ አፉ ግን ለሌላ ሰው አላደረሰውም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከሰከላ ደጋ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ እንደዚህ ሰው ያሉ ብዙ ጎበዞች አሉ። ጉብዝናቸውን አከብራለሁ። ጉብዝናው ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ የሚሰማን ነገር በጊዜና በትክክል መናገር። ይህ ደግሞ ማንም ሊማረው የሚችል ችሎታ ነው።

በመጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለው መልሳችን ትቅር አልልም። ምስጋና የምናስቀድም ሕዝብ ነን፤ ይቅደም። የምለው ከምስጋናዋ በኋላ አንዲት ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ትጨመር ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ብርድ ብርድ ይለኛል።» «ይመስገን ልጄ፤ ጎኔን ግን ስተነፍስ ይወጋኛል።» ምስጋናው ቦታውን ይይዛል፣ ሕመሙም ሰሚ ያገኛል። በዚች ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የሚድን ሰው ብዙ ነው።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ እንዴት እንደተመቸ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አማርኛ «በረደኝ» ሲል ድርጊቱን የፈጸመው ብርዱ ነው፤ እኔ ተሳቢው ነኝ። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ደከመኝ» ሁሉም እንደዚያው ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ራሱን ባለቤት አድርጎ «እኔ ቀዝቃዛ ነኝ» እንደማለት ይናገራል። እኛን የሚመስሉ ሩቅ አገር አሉ። በባንግላዴሽና በሕንዷ ምዕራብ ቤንጋል ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚናገረው በቤንጋሊ ቋንቋ ብርድ የተሰማው ሰው «አማር ታንዳ ላግቼ» ይላል፤ ብርዱ መጥቶ እንደነካው አድርጎ ነው የሚገልጸው። ቅርባችንም አለ። ከቡሬ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት የሚገባ መንገደኛ የኦሮሞ ወገኑ ሲታመም «ና ዱኩባ» ሲል ይሰማዋል፤ «ያመኛል» ማለት ነው። ሕመሙ አድራጊ፣ ሰውየው ተቀባይ። ልብ በሉ፤ «በረደኝ» ያለ ሰው ስለ ራሱ ድክመት የተናገረው አንድም ቃል የለም። ከውጭ የመጣበትን ነገር ነው የተናገረው። ጠላት ከወንዝ ማዶ መታየቱን ለመንደሩ የሚያሳውቅ ዘበኛ ፈሪ አይባልም።

አባቶቻችን መቻልን ያስተማሩን ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምቱን ጭቃ ላይ ቆሞ በሬ መጥመድ፣ ውርጭ በመታው ጠዋት ከብት ማሰማራት፣ ሸክም ተሸክሞ ገበያ ደርሶ መመለስ መቻል የሌለው ሰው የሚያደርገው ሥራ አይደለም። ያ መቻል አገር መግቧል። ነገር ግን ለእርፍና ለሞፈር የተሰጠውን መቻል ለትኩሳት ከሰጠነው ትኩሳቱ ይጠቀምበታል።

ወደዚያ ጋቢ ወደተከናነበው ሰው ልመለስ፤ የእሱ ብርድ ለምን እንደሚለይ ማወቅ ይጠቅማል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከዚያ ወደ ሰከላ ደጋ ወጥቶ ግሽ ዓባይ ያደረ ሰው ሌሊት ቢበርደው ቦታው ነው፤ አጠገቡ ያለውም ይበርደዋል፣ እሳት ዳር ሲጠጋ ይለቀዋል። ወባ የሚያመጣው ብርድ ግን ሌላ ነው። አንጎላችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። በደኅና ቀን ሙቀታችንን 37 ዲግሪ አካባቢ ይጠብቀዋል። የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴሎችን ሰብሮ ሲወጣ ሰውነት ይቆጣል፤ ያ ተቆጣጣሪ ክፍልም ልኩን ወደ 39 ወይም 40 ከፍ ያደርገዋል። ደሙ ገና 37 ላይ ስለሆነ አዲሱ ልክ ጋር ሲተያይ ቀዝቃዛ ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው በቀትር ፀሐይ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ጡንቻዎቹ ሙቀት ለመፍጠር ያንዘፈዝፉታል፣ ጥርሱ ይጋጫል። ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይነዳል፤ አያቶቻችን በሽታውን «ንዳድ» ያሉት ለዚህ ነው። በመጨረሻ ላብ ያጠምቀውና ቀለል ይለዋል።

እዚህ ላይ ነው የሚያታልለው። በአገራችን የሚበዙት ሁለቱ የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ፣ ቀይ ሴሎችን የሚሰብሩት በ48 ሰዓት ገደማ ዑደት ነው። ማክሰኞ ያንቀጠቀጠው ሰው ረቡዕ ተነስቶ ሊያጭድ ይችላል። «ለቀቀኝ» ይላል። ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል። ፋልሲፓረም ከሆነ ደግሞ በየዙሩ ጊዜ የሚሰጥ በሽታ አይደለም፤ ወደ አንጎል ከወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰው ይገድላል። የረቡዕ ደኅንነት ዕረፍት እንጂ ፈውስ አይደለም። ማክሰኞ ማታ «ብርድ ብርድ አለኝ» ብሎ የተናገረ ሰው ረቡዕን ጤና ኬላ ያሳልፈዋል፤ ዝም ያለው ግን ማሳ ላይ።

ይህ ነገር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉ ደጋማ ቦታዎች የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የተቆረቆሩት በዚሁ ከፍታ ላይ ነው። አዛውንቶቻችን «ወባ ማጥፊያ» እያሉ የሚያስታውሱት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከዚያ መዓት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በቅርቡም ችግሩ ተመልሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። የዛሬውን ከ1958ቱ የሚለየው ትልቅ ነገር ግን አለ፤ ዛሬ በየቀበሌው ጤና ኬላ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያሠለጠናቸው እኅቶቻችን እዚያው መንደራችን ውስጥ ይሠራሉ። መመርመሪያውም መድኃኒቱም በእግር መንገድ ርቀት ላይ ነው። የጎደለው የሕመምተኛው ቃል ብቻ ነው።

ቃሉስ ሞልቶናል! ካናዳዊው ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ሕመምተኞች ሕመማቸውን የሚገልጹባቸውን 78 ቃላት በ20 ምድብ ከፍሎ መጠይቅ አዘጋጀ፤ የማክጊል የሕመም መጠይቅ ይባላል። ሐኪም «የት ነው የሚያምህ?» ብቻ ሳይሆን «ሕመሙ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ በደንብ እንዲጠይቅ የረዳ ሥራ ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን ከእናቱ አፍ ተምሮታል። ራስ ይፈልጣል፤ ልክ ምሳር ግንድ እንደሚፈልጠው። ጎን ይወጋል። ሆድ ይቆርጣል። ጉልበትና ወገብ ይቆረጥማል። የተቆረጠ ጣት ማታ ማታ ይጠዘጥዛል። ጨጓራ ያቃጥላል፣ ደረት ላይ ቃር ይወጣል፣ ዓይን ብዥ ይላል፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ ሰውነት ይሸክካል፣ እጅ በብርድ ይቆፍናል፣ እግር ይደነዝዛል። ያቅለሸልሻል፣ ያጥወለውላል፣ ያዞራል። ከቃላቱ አንዳንዶቹ ከዕለት ሥራችን የመጡ ናቸው፤ መፍለጥ፣ መውጋት፣ መቁረጥ፣ መቆርጠም። ምሳር ይዞ የማያውቅ ሕዝብ «ራሴን ፈለጠኝ» አይልም። ይህን ሁሉ ሀብት ይዘን ሐኪም ፊት ስንቀርብ ግን «አሞኛል» ብለን እንዘጋዋለን። አትዝጉት! ሐኪሙ «ይወጋኛል» እና «ያቃጥለኛል» ሲባል የሚያስበው በሽታ የተለያየ ነው።

በተለይ «ብርድ ነው» የምትባለዋን ቃል እንጠንቀቃት። ወገብ ሲያም «ብርድ ነው»፣ ሲያስል «ብርድ መታኝ»፣ ጎን ሲወጋ «ብርድ ገባኝ»። ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፣ ይታጠናል፤ ለጉንፋን እፎይታ ያመጣ ይሆናል፣ አልከለክልም። ነገር ግን ትኩሳት ያለበት፣ ሲተነፍስ ጎኑን የሚወጋው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው የሳንባ ምች ሊሆንበት ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። «ብርድ ነው» ብሎ ስም የሰጠነው ነገር እውነተኛ ስሙ ሳይነገር ይቀራል። ለበሽታው ስም መስጠት የሐኪሙ ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ የሚሰማንን እንዳለ ማቅረብ ነው።

ነፍሰ ጡር እኅቶቼ፣ ይህንን ለእናንተ ለብቻው እላለሁ። ጎጃም ውስጥ ሴት ልጅ ምጧን እንኳ ዋጥ አድርጋ እንድትችል ተነግሯት ታድጋለች። ከእርግዝናው እኩሌታ በኋላ «ራሴን ፈለጠኝ፣ ዓይኔን ብዥ አለኝ፣ ፊቴና እጄ አበጠ» የምትል እናት የደም ግፊቷ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት። ይህ ነገ የሚባል ነገር አይደለም። አማት የሆናችሁ እናቶችም ምራታችሁ እንዲህ ስትል «እኛም አልፈንበታል» አትበሏት። አዝሏትም ቢሆን የሚሄድ ሰው ፈልጉላት።

እግርም ይናገራል። ቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን በባዶ እግሩ የቆመ ገበሬ ማታ እግሩን ሲያሳክከውና ውስጡ ሲያቃጥለው ብዙ ጊዜ «ድካም ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት ከዚህ አፈር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እርግማን እንዳልሆነ ያኔ ታወቀ። መጀመሪያ የሚመጣው ምልክት ያ ማሳከክና ማቃጠል ነው። በዚያን ጊዜ የተናገረ ሰው በሳሙና መታጠብና ጫማ ብቻ ሊያድነው ይችላል፤ ዘግይቶ የተናገረ ግን እግሩን ዕድሜ ልኩን ይታገለዋል።

ደግሞ አለመሰማትም ይነገራል። ቆዳው ላይ ፈዘዝ ያለ ቦታ ወጥቶበት ያ ቦታ ሙቀትም ብርድም መርፌም የማይሰማው ሰው የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆንበት ይችላል። በጊዜ ከተገኘ መድኃኒት አለው፤ ጣት ሳይቆረጥ፣ ዓይን ሳይታወር ይድናል። የስኳር ሕመም ያለበትም እግሩ ሲደነዝዝ እሾህ ቢወጋውም ላይታወቀው ይችላል። «ምንም አይሰማኝም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ደስ የምትል መስላ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ልትሆን ትችላለች።

በዚህ ጉዳይ ልቤ የሚሄደው ወደ ተማሪዎቹ ነው። ከገጠር መጥተው ቡሬና ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ከቤተሰብ የሚሸከሙ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች። ቤት ውስጥ ቢሆን እናታቸው ግንባራቸውን ነክታ ትኩሳቱን ታውቀው ነበር። እዚህ ማን ይነካቸው? «እናቴን አላስጨንቅም» ብሎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሦስት ቀን የሚተኛ ልጅ አለ። ልጆች ሆይ፣ የእናታችሁን ጭንቀት የሚቀንሰው ዝምታችሁ አይደለም። አብሯችሁ ለሚኖረው ጓደኛ፣ ለአከራያችሁ፣ ለክፍል ኃላፊ መምህር «እንዲህ ይሰማኛል» በሉ። አብራችሁ የምትኖሩም ተራ በተራ ተጠያየቁ፤ ስንቅ እንደምትካፈሉ ሁሉ ወሬውንም ተካፈሉ።

አነጋገሩ ደግሞ አይከብድም። መቼ ጀመረ፣ የት ነው፣ ምን ይመስላል፣ ምን ሲያደርጉ ይብሳል፤ ከዚህ አያልፍም። «ከእሑድ ጀምሮ፣ ቀትር ሲሆን ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ማታ ያነደኛል፣ ራሴን እዚህ ጋ ይፈልጠኛል፣ ትናንት ትቶኝ ነበር» ያለ ገበሬ ለጤና ባለሙያዋ ግማሹን ሥራ ሠርቶላታል። ቤት ውስጥ ተለማመዱት። ለሕፃናትም አስተምሯቸው። ትንሽ ልጅ የትም ቢያመው «ሆዴን» ነው የሚለው፤ «በጣትህ አሳየኝ እስቲ፣ የኔ ጌታ» በሉት። ወር ሳይሞላው ጡት እምቢ ያለ፣ ገላው የቀዘቀዘ ወይም የሚያተኩሰው ጨቅላ ግን አፍ የለውምና ስለ እሱ እናንተ ተናገሩለት፤ እስኪለቀው አትጠብቁ።

ሰሚም ሥራ አለበት። ሽማግሌ አባታችሁን «ደኅና ነዎት?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው «ይመስገን» ነው መልሳቸው። ቁጭ ብላችሁ «አባባ፣ አንቱ፣ ሌሊት እንዴት አደሩ? ምን ይሰማዎታል?» በሏቸው። ጥያቄው ሲለወጥ መልሱ ይለወጣል። ሲናገሩም «ኧረ ምንም አይደል» ብላችሁ አታቋርጡ። አንድ ጊዜ ተናግሮ የተናቀ ሰው ሁለተኛ አይናገርም። ወንፈል ላይ ብርድ ብርድ ያለውን ጓደኛችሁን «ሰነፍክ እንዴ» አትበሉት፤ ማጭዱን ተቀበሉትና «ሂድ፣ እኛ አለን» በሉት። ወንፈል የተፈጠረው ለዚህም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲሻላችሁም በትክክል ተናገሩ። የወባ መድኃኒት የጀመረ ሰው በሁለተኛው ቀን ቀለል ሲለው የቀረውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። ኮአርተም የሚወሰደው ለሦስት ቀን ነው፤ ለቫይቫክስ የሚታዘዘው ፕሪማኩዊን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ድረስ ይዘልቃል፤ ምክንያቱም ተውሳኩ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። «ተሻለኝ» እና «ጨረስኩ» ሁለት የተለያዩ ዜናዎች ናቸው። ባለሙያዋ የምትጠብቀው ሁለተኛውን ነው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ ራት ላይ ቤተሰቡን አንድ በአንድ «ምን ይሰማሃል? ምን ይሰማሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እናንተም ስትጠየቁ ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ከትናንት ጀምሮ ብርድ ብርድ የሚለው፣ ያተኮሰው ወይም ያንዘፈዘፈው ሰው ቤታችሁ ካለ 24 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ጤና ኬላ ይዛችሁት ሂዱ። ምርመራው ከጣት የሚወሰድ የደም ጠብታ ነው፤ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል፤ በመንግሥት ጤና ኬላ ክፍያ አይጠየቅበትም።